በሬ ባለቀ ጊዜ ለምን ጎሽ አልተጠመደም?

መግቢያ

የአገራችንን የ19ኛውን መቶ ዓመት ታሪክ ስናስተምር «ክፉ ቀን» የሚለውን ርዕስ ሳንነካ አናልፍም። አብዛኛውን ጊዜ ግን በመተማና በዓድዋ ጦርነቶች መካከል አጣብቀን በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች እንጨርሰዋለን። ከብት አለቀ፣ እህል ጠፋ፣ ሕዝብ ተራበ ብለን ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እንሻገራለን። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ለብዙ ዓመታት እንደዚሁ ሲያደርግ ቆይቷል። አንድ ቀን ግን አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ በሬው ሁሉ ካለቀ ለምን ጎሽ ጠምደው አላረሱም?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መምህሩም አብሮ ሳቀ፤ የሚሰጠው መልስ ግን አልነበረውም።

ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ በሬና ጎሽ፣ አጋዘንና ሚዳቋ በምን እንደሚዛመዱና በምን እንደሚለያዩ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎም ያ መቅሠፍት በጎተራውና በበረቱ ብቻ ሳይሆን በጫካውም ውስጥ ምን እንዳደረገ መከተል ይገባል። ይህ ጽሑፍ የታሪክና የሥነ ሕይወት መምህራን አንድ ላይ ሊያስተምሩት የሚችሉትን ይህንን ጉዳይ ለማቅረብ ይሞክራል። እዚህ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተለየ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉ ያስፈልጋል።

አንድ ቤተሰብ፣ ብዙ ዝርያ

ላምና በሬ፣ ጎሽ፣ በግና ፍየል፣ አጋዘን፣ ድኩላ፣ ሳላ፣ ሚዳቋ፣ ሁሉም በአንድ የእንስሳት ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ። ይህ ቤተሰብ በዓለም ላይ ከ140 በላይ ዝርያዎች አሉት። ሁሉም ሰኮናቸው ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ ሁሉም ያመሰኳሉ፤ ሆዳቸውም አራት ክፍል አለው። ቀንዳቸው በውስጡ የአጥንት እምብርት ያለው፣ በላዩ ደግሞ እንደ ጥፍር ባለ ነገር የተሸፈነ ነው። ይህ ቀንድ ቅርንጫፍ አያወጣም፤ በየዓመቱም አይረግፍም።

እዚህ ላይ መምህራን አንድ ስሕተት ሊያርሙ ይገባል። በአንዳንድ የትርጉም መጻሕፍት ውስጥ «አጋዘን» የሚለው ቃል በየዓመቱ የሚረግፍ ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ ላለው የአውሮፓና የእስያ አውሬ መጠሪያ ሆኖ ይገኛል። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ ግን የዚያ ወገን የሆነ አገር በቀል እንስሳ ከቶ የለም። የእኛ አጋዘን እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ቀንዱን አንዴ ካበቀለ እስከ ሞቱ ይዞት የሚኖር፣ የበሬ ዘመድ ነው።

የበሬ ዘመድ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠምዛዛ ቀንድ ያላቸው፣ ማለትም አጋዘን፣ አምባራይሌ፣ ድኩላ፣ የባሌው የደጋ አጋዘን (ኒያላ) እና ግዙፉ ኢላንድ ከበሬና ከጎሽ ጋር በአንድ ንዑስ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ። በመልክ ስናያቸው ከሚዳቋና ከሜዳ ፍየል ጋር የሚቀራረቡ ይመስላሉ፤ በደም ግን ወደ በሬው ያደላሉ። በሌላው ወገን ደግሞ ሳላ፣ ቆርኬ፣ ቶራ፣ ደፈርሳ፣ ፌቆ፣ ሰስና እንሹ ይገኛሉ። የሰሜኑ ዋልያም የፍየል ወገን ሆኖ የዚሁ ትልቅ ቤተሰብ አባል ነው።

የአገራችን ቋንቋዎች ለእነዚህ እንስሳት ያወጧቸው ስሞች የዓለም ሳይንስ ውስጥ መግባታቸውን ተማሪዎች ቢያውቁ ደስ ይላቸዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጡ የአውሮፓ አጥኚዎች «ቶራ»፣ «ደፈርሳ» እና «ዋልያ» የሚሉትን ቃላት ወስደው ለሳይንሳዊ ስም አውለዋቸዋል። የእንሹ ወገን ሳይንሳዊ መጠሪያም «ማዶቋ» ሲሆን የተወሰደው ከራሳችን «ሚዳቋ» ነው።

የትኞቹ ለማዳ ሆኑ?

ከዚህ ሁሉ ዝርያ መካከል ለሰው የተገዙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የዛሬው ከብት ቅድመ አያት በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አፍሪካ ይኖር የነበረው ትልቁ የዱር በሬ ነው። ይህ የዱር በሬ ከ10,000 ዓመታት በፊት ገደማ በመካከለኛው ምሥራቅ ለማዳ ሆነ፤ ከእርሱም ሻኛ የሌለው ከብት ተገኘ። ከዚያ በኋላ በሕንድ ክፍለ አህጉር በኢንዱስ ሸለቆ አካባቢ ለብቻው ሁለተኛ ጊዜ ተለመደ፤ ከእርሱም ባለ ሻኛው ከብት ወጣ። የዱሩ በሬ ራሱ ግን ጨርሶ ጠፍቷል። የመጨረሻዋ ላም በፖላንድ ያክቶሩፍ በሚባል ጫካ ውስጥ በ1627 ሞታለች። ስለዚህ ዛሬ በየቤታችን ያለው ከብት ወላጁ የሞተበት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። የቤት ከብት ዘር ቢጠፋ ወደ ዱር ሄደን የምንተካበት ምንጭ የለም።

ከከብት ሌላ የእስያው የውሃ ጎሽ፣ የቲቤቱ ያክ፣ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድና በአካባቢው የሚገኘው ሚቱን፣ በኢንዶኔዥያም የባሊ ከብት ለማዳ ሆነዋል። አንባቢ እንደሚያስተውለው እነዚህ ሁሉ የእስያ ናቸው። የአፍሪካው ጎሽ ግን በታሪክ ዘመን ሁሉ ለማንም ተገዝቶ አያውቅም። በስም ቢመሳሰሉም የእስያው የውሃ ጎሽና የአፍሪካው ጎሽ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። የአፍሪካው ጎሽ ከበሬም ጋር ተዳቅሎ አይወልድም። የከብት ክሮሞሶም 60 ሲሆን የቆላው ጎሽ ክሮሞሶም 52 ነው። ጠባዩም ቢሆን በመንጋ ተሰልፎ አንበሳን የሚገጥም፣ ሲቆስል አድፍጦ አዳኙን የሚያጠቃ መሆኑ በአገራችን አዳኞች ዘንድ የታወቀ ነው። ጎሽ የገደለ በአገሩ ይፎክር የነበረውም ስለዚሁ ነው።

አንዳንድ ሕዝቦች ሌሎቹን የዱር እንስሳት ለማልመድ ሞክረዋል። የጥንት ግብፆች ከ4,000 ዓመታት በፊት ሳላና የሜዳ ፍየል በገመድ አስረው ሲቀልቡ የሚያሳይ ሥዕል በሳቃራ መቃብሮች ግድግዳ ላይ ይታያል። በዩክሬን አስካንያ ኖቫ በተባለው ሥፍራም ኢላንድን ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ለማርባት፣ በኋላም ለማለብ ተሞክሯል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሙከራዎች አንዱም ከበሬ ጋር የሚወዳደር የእርሻ ጉልበት አላስገኘም። አንድን የዱር ዝርያ የሰው ማድረግ የብዙ መቶ ትውልዶች ሥራ ነው፤ ረኀብ በደጃፉ የቆመበት ገበሬ ደግሞ ከመጪው ክረምት ያለፈ ጊዜ አልነበረውም። የተማሪው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው።

የእኛ አገር ከብት

ከብት ወደ አፍሪካ ቀንድ የገባው በአንድ ጊዜና በአንድ መንገድ አይደለም። በመጀመሪያ የመጣው ሻኛ የሌለው ከብት ነው። በድሬዳዋ አካባቢ በለጋ ኦዳ ዋሻና በሌሎችም የዋሻ ሥዕሎች ላይ ሻኛ የሌላቸው ባለ ረጅም ቀንድ ከብቶች ተሥለው ይታያሉ። ባለ ሻኛው የሕንድ ወገን ከብት በባሕር ማዶ በኩል የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለቱ ወገኖች በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ተዳቅለው በመካከላቸው ሦስተኛ ወገን ፈጥረዋል። ይህን ሦስተኛ ወገን የዓለም የከብት ሊቃውንት «ሳንጋ» ይሉታል። ቃሉ የእኛው «ሰንጋ» ነው።

ዛሬ ኢትዮጵያ ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ሲኖራት፣ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ በብዛት ቀደምት ከሆኑት አንዷ ናት። የከብቱ ዘር ደግሞ እንደ አገሩ አቀማመጥ ይለያያል። የቦረናው ከብት ድርቅን ችሎ ከውሃ ጉድጓድ እስከ ውሃ ጉድጓድ ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ተሻግሮም በሥጋ ከብትነቱ በብዙ አገሮች ታውቋል። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው ረግረጋማ ሜዳ ላይ የሚኖረው የፎገራ ከብት ለወተትም ለእርሻም የታወቀ ገራም ነው። የሆሮ ከብት በወለጋ፣ የበጋይት ከብት በሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ የራያና የአፋር ባለ ረጅም ቀንድ ከብቶች በምሥራቁ ተረተር ሥርና በበረሃው፣ የአቢጋር ከብት በጋምቤላ ይገኛሉ።

ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው በደቡብ ምዕራብ ጫካ አካባቢ የሚገኘው የሸኮ ከብት ነው። ይህ ትንሽ፣ ቀንዱ አጭር ወይም ቀንድ የለሽ የሆነ፣ ሻኛውም እምብዛም የማይታይ ከብት በምሥራቅ አፍሪካ ከጥንቱ ሻኛ የለሽ ወገን የቀረ ቅሪት መሆኑን ሊቃውንት ያምናሉ። ፄፄ ዝንብ በሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ ሌላው ከብት ሲያልቅ የሸኮ ከብት የተሻለ ይቋቋማል።

በሽታው ሲገባ

ክፉ ቀን ያመጣው በሽታ በአማርኛ «የደስታ በሽታ» ይባላል። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው መልካም ነገር ይመስለዋል፤ የሚያመጣው ግን ሌላ ነው። ከብቱ በመጀመሪያ በከባድ ትኩሳት ይያዛል፤ ዓይኑና አፍንጫው ይዝረበረባል፤ ድዱና ምላሱ ይቆስላል፤ ከዚያም ብርቱ ተቅማጥ ይይዘውና ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞታል። የበሽታው ምክንያት በሰው ላይ ኩፍኝን ከሚያመጣው ጋር የሚዛመድ ቫይረስ ነው። አገግሞ የተረፈ ከብት ግን ዕድሜ ልኩን ዳግም አይያዝም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ኋላ ለመጣው መድኃኒት መሠረት ሆኗል።

በ1887 ኢጣልያኖች ለጦር ሠራዊታቸው በምፅዋ ወደብ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር በሽታው ወደ አገራችን ገባ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ በሽታ አይቶ ያላወቀ ከብት ምንም የመቋቋም ኃይል አልነበረውም። በሽታው ከባሕር ጠረፍ ወደ ሐማሴንና ትግራይ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር፣ ጎጃምና ሸዋ፣ ብሎም ወደ ደቡቡ በፍጥነት ተዛመተ። የነጋዴው መንገድና የጦሩ ሰልፍ በሽታውን ይዞ ይጓዝ ነበር። በዘመኑ የነበሩ ታዛቢዎች ከ100 ከብት 90 ያህሉ እንዳለቀ ገምተዋል።

በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ የሚኖረው ገበሬ ከአንድ ጥማድ በሬ ውጪ ማረስ አይችልም። ሞፈር፣ ቀንበርና ማረሻ ያለ በሬ እንጨትና ብረት ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ትል ተጨምረው እህሉን አጠፉት። የተረፈው ዘር ለምግብ ዋለ። በተለምዶ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ይህ ዘመን ክፉ ቀን ተባለ። በዚያ ዘመን ከሕዝቡ ሲሶ ያህሉ አልቋል የሚል ግምት አለ። በሃይማኖትና በልማድ የማይበላ ሥጋ ተበላ፤ ሰው አገሩን ለቆ ተሰደደ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያና መጥረቢያ ይዘው መሬት በመቆፈር ለመኳንንቱና ለወታደሩ ምሳሌ መሆናቸው በታሪክ ተመዝግቧል። ንጉሠ ነገሥት በእጁ ሲቆፍር ማየት በዚያ ዘመን ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደነበር ማሰብ ይቻላል። ይህም የተማሪውን ጥያቄ የሚመለከት ነው፤ ሰው በሬ ሲያጣ የተካው በሌላ እንስሳ ሳይሆን በራሱ ጉልበት ነበር።

በዱሩ የደረሰው

አሁን ወደ ጫካው እንግባ። የደስታ በሽታ በቤት ከብት ላይ ብቻ አልቆመም። ከኢትዮጵያ አልፎ በ1890 እና በ1891 ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ ሲደርስ ጎሽ፣ ኢላንድ፣ አጋዘንና ድኩላ በየሜዳው ወደቁ። በዚያ ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ይጓዝ የነበረው እንግሊዛዊው መኮንን ፍሬድሪክ ሉጋርድ ስለዚሁ እልቂት ጽፏል። የማሳይ ሕዝብ ከብቱን፣ ቀጥሎም ብዙ ሰው አጥቶ ያን ዘመን «ኤሙታይ» ብሎ ሰየመው። እኛ ክፉ ቀን ያልነው ዘመን በሌላ ቋንቋም የራሱ ስም አለው ማለት ነው። በ1896 በሽታው የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ፤ በዓመቱም የደቡብ አፍሪካ ጫፍ ደረሰ።

በሽታው አብልጦ የመታው የበሬን የቅርብ ዘመዶች፣ በተለይም ጎሽን ነው። ጠምዛዛ ቀንድ ያላቸውም እንደዚሁ በብርቱ ተጎድተዋል። ሌሎች ግን፣ ለምሳሌ የሜዳ ፍየል ወገኖች፣ ቀለል ያለ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ይሁን እንጂ ዝምድና ብቻውን ሁሉን አይወስንም፤ ከዚህ ቤተሰብ ውጪ የሆኑት ከርከሮና ቀጭኔም በበሽታው አልቀዋል።

እንግዲህ የተማሪው ጥያቄ ሁለተኛ መልስ ይህ ነው። ጎሽን ለመጥመድ ቢቻል እንኳ በዚያ ጊዜ ጎሹም ይሞት ነበር። አርሶ አደሩ በበረቱ ያጣውን ዘመድ በጫካውም ሊያገኘው አይችልም ነበር።

የእልቂቱ ጠባሳ እስከ ዛሬ የሚታይበት አንድ እንስሳ አለ። የስዌይን ቆርኬ የሚባለው፣ ቀይ ቡናማ ቀለም ያለው ይህ እንስሳ ስሙን ያገኘው በሶማሌ ምድር በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከተጓዘው እንግሊዛዊ መኮንን ነው። በዚያ ጊዜ በታላላቅ መንጋ ይታይ ነበር። የደስታ በሽታና ከዚያ በኋላ የተስፋፋው የጠመንጃ አደን ተባብረው ከሶማሌ ምድር አጥፍተውታል። ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ በኢትዮጵያም ውስጥ በዋናነት የቀረው በሰንቀሌ መጠለያና በማዜ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

የተሳሳተ መደምደሚያ

ከእልቂቱ በኋላ አንድ የሚያስገርም ነገር ሆነ። ፄፄ ዝንብ ደሙን የሚመጠው ጎሽና አጋዘን በማለቁ በብዙ የደቡብና የምሥራቅ አፍሪካ ቦታዎች ዝንቡ ራሱ ጠፋ። ነገር ግን ከብት ስለሌለ ሣሩና ቁጥቋጦው የሚግጠው አጥቶ ወደ ጫካነት ተለወጠ። የዱር እንስሳው እንደገና ሲራባ ዝንቡም አዲሱን ጫካ ተከትሎ ተመለሰ፤ በአንዳንድ ቦታም ከቀድሞው ይበልጥ ተስፋፋ።

የቅኝ ገዢዎች ባለ ሥልጣኖች ከዚህ የወሰዱት ትምህርት፣ «የዱር አውሬው ከጠፋ በሽታው ይጠፋል» የሚል ነበር። ለምሳሌ በያኔዋ ደቡብ ሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለ30 ዓመታት ያህል በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የዱር እንስሳት በመንግሥት ትእዛዝ ተገደሉ። የዱር እንስሳ የበሽታ ጎተራ ነው፤ ለከብት ጠላት ነው የሚለው አስተሳሰብ በብዙ አገሮች ለረጅም ጊዜ ሥር ሰዶ ቆየ። የደስታ በሽታንም በሚመለከት ብዙዎች እንደዚሁ ያስቡ ነበር።

ከብቱ ሲከተብ ዱሩ ዳነ

ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ያሳየው ክትባቱ ነው። ዋልተር ፕላውራይት የተባለው የእንስሳት ሐኪምና ባልደረቦቹ በኬንያ ሙጉጋ በሚገኘው የምርምር ጣቢያ በ1960 ገደማ ርካሽና አስተማማኝ ክትባት ሠሩ። ከ1962 እስከ 1976 ድረስም ኢትዮጵያን ጨምሮ በ22 የአፍሪካ አገሮች ታላቅ የክትባት ዘመቻ ተካሄደ።

በታንዛኒያ የሰሬንጌቲ ሜዳ የታየው ውጤት ለሁሉም ትምህርት ነው። ዊልደቢስት የሚባለው የቆርኬ ዘመድ በዚያ በ1961 ሲቆጠር 250,000 ያህል ነበር። ለዱር እንስሳው ማንም ክትባት አልሰጠውም። በሜዳው ዙሪያ ያለው የቤት ከብት ሲከተብ ግን በሽታው ከዱሩም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጠፋ። ጥጆቹ ማደግ ጀመሩ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የዊልደቢስቱ ቁጥር ከ1 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። እንግዲያስ ከብቱን ያስታመመው ዱሩ አልነበረም፤ ዱሩን ሲያስታምም የኖረው ከብቱ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ዘመቻ ከቆመ በኋላ ቸልታ ስለበዛ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሽታው እንደገና በአፍሪካ ተነሣ። ስለዚህ በ1986 ሁለተኛው አፍሪካ አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። በዚህኛው ዘመቻ አገራችን ያገኘችው ልምድ በተለይ ሊጠቀስ ይገባል። በደጋው በየዓመቱ ብዙ ሚሊዮን ከብት ሲከተብ በሽታው በአፋር ቆላ ተሸሽጎ ይኖር ነበር። መንገድ በሌለበትና ሙቀቱ በበረታበት በዚያ ምድር በበረዶ የሚጠበቅ ክትባት ይዞ መድረስ አስቸጋሪ ነበር። በ1990ዎቹ ግን ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተገኘ፤ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎችም ሠልጥነው ራሳቸው መከተብ ጀመሩ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 ነው። ከብቱ በየትኛው ወንዝ እንደሚያልፍና በየትኛው ወር የት እንደሚሰማራ የሚያውቀው አርብቶ አደሩ ስለሆነ፣ የባለሙያው እውቀትና የአርብቶ አደሩ እውቀት ሲገናኙ ብዙ ዓመታት ያቃተው ሥራ በአጭር ጊዜ ተፈጸመ። በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የሚገኙት የክትባት ተቋሞችም በዚህ ሥራ ታላቅ ድርሻ ነበራቸው።

በዓለም ላይ የመጨረሻው የደስታ በሽታ የተገኘው በ2001 በኬንያ ሜሩ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። የተገኘው በበሬ ላይ ሳይሆን በጎሽ ላይ ነበር። በ2011 በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከዓለም የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው። በምፅዋ በበሬ የገባው መቅሠፍት፣ ከ114 ዓመት በኋላ በጎሽ ላይ ታይቶ ታሪኩን ፈጸመ።

ዛሬ የቀረን

በሽታው ቢጠፋም የክፉ ቀን ትምህርት አላለቀም። ያ መቅሠፍት ያን ያህል የጎዳን ከብቱ ሁሉ ለአንድ በሽታ እኩል የተጋለጠ ስለነበር፣ እርሻውም በአንድ እንስሳ ጉልበት ላይ ብቻ የቆመ ስለነበር ነው። ነገ ምን ዓይነት በሽታ ወይም ድርቅ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። የሚቋቋመው የትኛው ዘር እንደሆነም አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ የዘር ብዛት መድን ነው።

ይህ መድን ግን በዓይናችን ሥር እየሳሳ ነው። የፎገራ ከብት ሜዳው ለሩዝና ለሌላ እርሻ ሲውል፣ እርሱም ከሌላ አካባቢ ከሚመጣ ከብት ጋር ሲዳቀል፣ ንጹሕ ዘሩ ቀንሷል። የሸኮ ከብትም ከባለ ሻኛው ከብት ጋር እየተደባለቀ፣ ቁጥሩ እያነሰ ሄዷል። ወተት ለመጨመር የውጭ ዘር ማዳቀል በራሱ ስሕተት አይደለም፤ የከተማው ሕዝብ ወተት ይፈልጋል። ነገር ግን አዲሱን ስናመጣ ነባሩን ጨርሰን ከጣልነው፣ ገንዲንና ድርቅን የቻለው ደም አብሮ ይሄዳል። የዱሩ በሬ ከ1627 ጀምሮ ስለሌለ ከየትም አንመልሰውም።

በዱሩም ወገን የባሌው ኒያላ፣ የሰሜኑ ዋልያና የስዌይን ቆርኬ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኙ ናቸው። ኒያላ በሳይንስ የታወቀው በ1910 ብቻ ነው። በአፍሪካ ከታላላቆቹ ባለ ቀንድ የዱር እንስሳት መካከል መጨረሻ የተመዘገበው እርሱ ነው። ዛሬ ቁጥሩ ጥቂት ሺህ ነው። የሰንቀሌ ቆርኬዎች ደግሞ ዙሪያቸውን በእርሻና በመንደር ተከበው በጠባብ ሜዳ ላይ ይኖራሉ። በዚያ አካባቢ የሚኖረው ገበሬ ለከብቱ ግጦሽ ቢቸገር ሊፈረድበት አይገባም። ሆኖም ከሰሬንጌቲ እንዳየነው የከብቱ ጤንነትና የዱሩ ጤንነት የተያያዘ ስለሆነ፣ ለገበሬው ከብት የእንስሳት ሐኪም ማቅረብ ቆርኬውንም ከበሽታ መጠበቅ ነው።

ማጠቃለያ

ታሪክ ስናስተምር ነገሥታትን፣ ጦርነቶችንና ውሎችን እንዘረዝራለን። ያ ተገቢ ነው። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከማናቸውም ጦር ይልቅ ብዙ ኢትዮጵያዊ የገደለው የበሬ ሞት ነው። የበሬን ታሪክ የማያውቅ የገበሬን ታሪክ አያውቅም፤ የጎሽንና የአጋዘንን የማያውቅ ደግሞ የበሬውን ታሪክ ግማሽ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ለዚያ ተማሪ የሰጠሁት መልስ ዘግይቶ ነበር፤ ክፍሉን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ነው የተዘጋጀው። ለሌሎች ተማሪዎች ግን እንዳይዘገይ በማሰብ እዚህ ላይ አቅርቤዋለሁ። ጎሽ ያልተጠመደው አባቶቻችን ስላላሰቡበት አይደለም። ጎሽ በሬ ስላልሆነና፣ ለበሽታው ግን እንደ በሬ ስለሆነ ነው።

ለክፍል ውይይት

1. በአካባቢያችሁ ስንት ዓይነት የከብት ዘር አለ? አያቶቻችሁን ጠይቁና ስማቸውን፣ የቀንዳቸውን ቅርጽና መለያቸውን መዝግቡ። ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦቃ እያሉ የሚጠሩትን የመልክ ስሞችም ሰብስቡ።

2. በቀዬአችሁ ስለ ክፉ ቀን የሚነገር ታሪክ አለ? ከማን ሰማችሁት? እርሱስ ከማን ሰማው?

3. ቀድሞ በአካባቢያችሁ ይታይ የነበረ፣ ዛሬ ግን የማይታይ ባለ ቀንድ የዱር እንስሳ አለ? የጠፋው በአደን ነው፣ በእርሻ መስፋፋት ወይስ በበሽታ?

4. የሰሬንጌቲን ምሳሌ በመመልከት፣ «የዱር እንስሳ የከብት ጠላት ነው» በሚለው አባባል ላይ በሁለት ወገን ተከፍላችሁ ተከራከሩ።